ስለ ጋሼ በርናባስ ጉታ ዕረፍትና በላቦራቶሪ ስለቀረው ቆዳቸው

ከኩልፎ ዓሣ አቅራቢዎችና በረዶ ቤት ማኅበር
ለማኅበሩ አባላት፣ ለላቦራቶሪው ሠራተኞች፣ ለሲቀላና ለሴቻ ነዋሪ፣ ለጨንቻ ዘመድ ወዳጅ በሙሉ
አርባ ምንጭ፣ መጋቢት 1990 ዓ.ም.

ማኅበራችን የጋሼ በርናባስ ጉታን ሞት የሚያስታውቀው በከባድ ሀዘን ነው። በከተማችን በሲቀላ ሰፈር የቆዳና የቁስል ምርምር ላቦራቶሪ ኃላፊ የነበሩት ጋሼ በርናባስ ጥር ላይ ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል። የተቀበሩትም በተወለዱበት በጨንቻ ነው። ይሄን ያልሰማ የለም። "ታዲያ መግለጫው እስካሁን የት ነበር?" የሚል ካለ መልሱ አጭር ነው። ጋሼ በርናባስ ጨርሰው የሞቱት ባለፈው ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት "አረፉ" ብለን ብንጽፍ ውሸት ይሆን ነበር፣ ማኅበራችን ደሞ ውሸት ላይ ማኅተም አይመታም።

ነገሩ እንግዳ ለሆነበት ሰው እዚሁ እንናገር። ጋሼ በርናባስ ሲያርፉ ከገላቸው የተወሰደች ትንሽ ቆዳ ላቦራቶሪ ውስጥ በሕይወት ነበረች። የሚያኖራት የእድገት ፕሮቲን የሚባል ነገር ነው። ፕሮቲኑ እያለቀ ሄዶ አንድ ብልቃጥ ብቻ ቀረ። ያቺ ብልቃጥ ለሳቸው ቆዳ ትሁን ወይስ ላቦራቶሪው ለሚያጠናው የበሽተኞች ቆዳ የሚለው ነገር ቤተሰቡንም እኛንም ሲያንገላታን ከረመ። አሁን አልቋል። ወሬው ግን አላለቀም። "ወርቂቱ ጋሼን አስርባ ገደለቻቸው" ይባላል። ወርቂቱ የላቦራቶሪው ረዳታቸው ናት፣ የላንቴ መንደር ልጅ። ገበያ ስትወጣ ፊት ያዞሩባታል። ስለዚህ ይሄ ወረቀት የሀዘን መግለጫ ነው፣ የወሬውም መልስ ነው። ሁለት ወረቀት ለየብቻ የምንጽፍበት ጉልበት የለንም። በለቅሶውም በመብራቱ መጥፋትም ደክሞናል።

"የዓሣ ማኅበር ላቦራቶሪ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?" የሚል ይኖራል። ይበል። መሥሪያ ቤታቸው በሩ ላይ አራት መስመር የሀዘን ማስታወቂያ ለጥፏል። አልተሳሳተም፣ ግን አራት መስመር ነው። እኛ ጋሼን ከአራት መስመር በላይ እናውቃቸዋለን። ከሶዶ ወዲህ እንደኛ ያለ በረዶ ቤት የለም፤ አለኝ የሚል ካለ ይምጣ፣ በሩን ከፍተን እናሳየዋለን። መብራት ጠፍቶ ከተማው ሁሉ ሥጋ ሲጥል የኛ ዓሣ እንደ ድንጋይ ነው። ጋሼም ይሄን አይተው ነው የመጡልን። እኛ ባንኖር ያ ላቦራቶሪ አንድ ክረምት አይቆምም ነበር። ይሄን የምንለው ለጉራ አይደለም፣ እውነት ስለሆነ ነው።

ጋሼ በርናባስ በ1936 ዓ.ም. ጨንቻ ውስጥ ከሸማኔ ቤተሰብ ተወለዱ። እዚያው ተምረው፣ ሀንጋሪ አገር ሄደው የላቦራቶሪ ሙያ ጨርሰው ተመልሰዋል። ሰው ሁሉ ዶክተር ይላቸው ነበር። ዶክተር አልነበሩም። ግን ሲጠሯቸው አቤት ይሉ ነበር፤ ማረሙ ሰልችቷቸው ነው።

በ1984 ዓ.ም. ላቦራቶሪውን ከፈቱ። የተራራው ሰው በባዶ እግሩ ቀይ አፈር ላይ ሲሠራ ኖሮ እግሩ ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ቁስሉም አይዘጋም። ለምን አይዘጋም የሚለው ነበር ጥናታቸው። ከበሽተኛው እግር ከምስር የማትበልጥ ቆዳ ይወስዳሉ፣ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያስቀምጣሉ፣ ያሳድጓታል። ቆዳ ደሞ ሳህን ላይ ዝም ብሎ አያድግም። "እደግ" የሚለው ነገር ይፈልጋል። ያ ነገር ነው እንግዲህ የእድገት ፕሮቲኑ። ከውጭ አገር ነው የሚመጣው፣ አዲስ አበባ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ ወዲህ በአውቶቡስ፣ በረዶ በተሞላ ሳጥን።

በ1985 ዓ.ም. የላቦራቶሪው ፍሪዘር ተቃጠለባቸው። ሳጥኑን ታቅፈው ወደ በረዶ ቤታችን መጡ። በሩ ላይ የምትቆመው ሻሺቱ ናት። ሻሺቱ ያላሸተተችው ዓሣ አይገባም፣ ያልከፈተችው ሳጥን አያልፍም። ከዞን አስተዳዳሪ ጀምራ ሁሉንም አንተ ነው የምትለው። ሳጥኑን ከፈተች፣ አንዷን ብልቃጥ አውጥታ ወደ ፀሐይ አነሳቻት።

"ባዶ ነው። ሸውደውሃል።"

"አለ" አሉ ጋሼ። "ደርቆ ብርጭቆው ላይ ተጣብቋል። አይታይም እንጂ አለ።"

"እንደ መንፈስ ቅዱስ?"

"እሱን ለፓስተርሽ ተዪለት። ይሄኛው ውሃ ሲነካው ነው ሥራ የሚጀምረው።"

የዚያን ቀን የዓሣ ሣጥን ገልብጠው ተቀምጠው አስረዱን። ሰው ገላ ውስጥ ቆዳን እደግ የሚል ትእዛዝ አለ። ያንን ትእዛዝ ከሰው ላይ ገልብጠው ባክቴሪያ ውስጥ ይከቱታል። ባክቴሪያውም የማን ትእዛዝ እንደሆነ ሳይጠይቅ የሰውን ፕሮቲን ይሠራል። ከዚያ አጣርተው፣ አድርቀው፣ በብልቃጥ ይሸጡታል።

"እንደኛ ማኅበር ነዋ" አለች ሻሺቱ። "ትእዛዝ ከላይ ይመጣል፣ እኛ እንሠራለን፣ የማን እንደሆነ አናውቅም።"

ጋሼ ሳቁ። መደርደሪያም ሰጠናቸው፤ ከላይኛው፣ ከነጩ ዓሣ በላይ። በኛ ቤት አንዴ የቀለጠ ዓሣ ተመልሶ በረዶ ቤት አይገባም፣ የአለቃም ቢሆን። ይሄን ደንብ ስንነግራቸው "የኔም እንደዚያው ነው፣ ቀልጦ ተመልሶ ከቀዘቀዘ ይበላሻል" አሉ። ከዚያ ወዲህ ተግባባን። በበጠበጡት ቁጥር ለየቀኑ የሚበቃውን በትንንሽ ብልቃጥ ከፋፍለው ያስቀምጡ ነበር። ወርቂቱ ጠዋት መጥታ የዕለቱን ትወስዳለች፣ የቀረው አይነካም።

በ1987 ዓ.ም. "የእድገት መድኃኒት ገባ" ተብሎ ከተማው ተናወጠ። አንድ የኳስ ተጫዋች ቁመት ፈልጎ መጣ። ከላንቴ ደሞ የሙዝ ገበሬዎች ተሰብስበው መጡ። ጋሼ በር ላይ ቆመው ለሁሉም አንድ ነገር ነው የተናገሩት፦ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ለላቦራቶሪ ምርምር ብቻ ይላል፣ ለሰውም ለከብትም አይሰጥም።

"ለሙዝስ?" አለ አንዱ ገበሬ።

"የሰው ትእዛዝ ነው ወንድሜ። ሙዝ የሰው ትእዛዝ አይሰማም።"

"ልጆቼም አይሰሙኝ" ብሎ ሄደ።

በ1988 ዓ.ም. የኩልፎን ወንዝ ውሃና የበረዷችንን ውሃ መርምረው ንጹሕ እንዳልሆነ ነገሩን። ለሌላ ሳይሆን መጀመሪያ ለኛ ነው የነገሩን። ማጣሪያ አስገባን። ዛሬ በረዷችንን የሚያማ የለም። በዚያው ዓመት ከወርቂቱ ጋር እየሆኑ በጨንቻ ገበያ ዳር እግር ማጠብና ጫማ ማድረግ ሲያስተምሩ ነበር። ሰው "ጫማ ከየት?" ይላቸው ነበር። እውነቱን ነዋ፣ ከየት?

በ1989 ዓ.ም. ክረምት ላይ አንድ ጠዋት ሻሺቱ በሩ ላይ አስቆመቻቸው።

"ዓሣህን አሳየኝ።"

"ዓሣ አልያዝኩም።"

"እንግዲያው የሚሸተው እግርህ ነው። ቡትስህን አውልቅ።"

አላወልቅም አሉ። አስወለቀቻቸው። ስኳር ነበረባቸው፣ ለማንም አልተናገሩም። ውስጥ እግራቸው ላይ ቁስል ነበር፣ የጣት ጫፍ የሚያስገባ። እሳቸው ራሳቸው ቀድመው ያውቁ ነበር። ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ይሂዱ ቢላቸው ሳህኖቹን ትቼ አልሄድም እያሉ ነው የቆዩት።

እኛ ደሞ ዝም ብለን የምናይ ሰዎች አይደለንም። በረዶ ቤት የነበርን ሁሉ ከበብናቸው።

"ጋሼ፣ ቆዳ የሚያሳድገው ነገር ይኸው መደርደሪያችን ላይ ተቀምጧል። ትንሽ ቁስሉ ላይ ጠብ ያድርጉበት።"

"ለሰው ተብሎ አልተጣራም" አሉ። "የባክቴሪያው ቅሪት ይኑርበት አይኑርበት አላውቅም። ያለቦታው ምን እንደሚያሳድግም አላውቅም።"

"ቢሞክሩትስ? ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?"

"እኔ ልሞክረው። ነገ ጠዋት ከጨንቻ እግሩን እየጎተተ የሚወርደውን ሁሉ ምን ብዬ ልመልሰው? ለኔ ይሆናል፣ ላንተ አይሆንም ልበለው?"

አንድ በአንድ ወደ ዓሣችን ተመለስን። 

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ከቁስላቸው ዳር ካለው ደህና ቆዳ ትንሽ አስቆርጠው ወርቂቱ ሳህን ላይ አስቀመጠችው። የተራራውን ሰው ቆዳ ብቻ ነበር የሚያዩት፤ ያላበጠ እግር ቆዳ እንዴት እንደሚያድግ ጎን ለጎን ሊያዩ ፈለጉ። ፕሮቲኑን ሰጡት። ቆዳው አደገ፣ ሳህኑን ሞላው። እግራቸው ግን እየባሰ ሄደ። በረዶ ቤት በምርኩዝ ይመጡና "ሳህን ላይ ያለሁት እኔ ደህና ነኝ" ይሉን ነበር። መጀመሪያ ሳቅን። በኋላ አልሳቅንም።

ጥር ላይ የቁስሉ መርዝ ወደ ደማቸው ገባ። ከቤታቸው ወደ ሆስፒታል በትከሻ የወሰድናቸው እኛ ነን፣ እየተፈራረቅን። አልመለስናቸውም። ሬሳቸውን ግን እስከ ጨንቻ ያጀብነው እኛው ነን፣ የዚያን ቀን ጫሞ ሐይቅ ላይ ጀልባ አልወረደም።

አሁን ሰው ያልሰማው ወይም አጣሞ የሰማው ክፍል ይሄ ነው።

ከቀብሩ በፊት ታላቅ ወንድማቸው አቶ ሕዝቅኤል ጉታ ሰማ ሰማ አድርገው "ከወንድሜ ገላ የቀረ ነገር አለ ወይ?" ብለው ጠየቁ። ወርቂቱ አልዋሸችም፣ አለ አለቻቸው። በነሱ ቤት ደንብ ሬሳ ሙሉውን ነው የሚቀበረው። ጣት የተቆረጠ ጣቱ ተፈልጎ አብሮት ይገባል። አቶ ሕዝቅኤል ሽማግሌዎች ይዘው፣ ሁሉም እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ ከጨንቻ ወርደው ላቦራቶሪው በር ላይ ተንበረከኩ። ጋሞ ውስጥ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌ ባዶ እጁን አይመለስም። ወርቂቱም የጋሞ ልጅ ናት፣ ታውቃለች። እሷም አብራቸው ተንበረከከች።

"አባቶቼ፣ ልሰጣችሁ እችላለሁ" አለች። "ግን አልሞተም።"

"ምን አልሞተም?"

"ይነሱና ይዩት።"

አቶ ሕዝቅኤል ገብተው ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አሉ። በሩ ላይ ቆመን ነበር፣ ሁሉንም ሰምተናል።

"እነዚህ እንደ ጠጠር የተደረደሩት?"

"አዎ። እሳቸው ናቸው።"

"ይንቀሳቀሳል?"

"አይንቀሳቀስም። ይከፈላል። አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱ አራት።"

"ይበላል?"

"ይበላል። ያ የእድገት ፕሮቲን ካልተሰጠው ግን መከፈሉን ይተዋል፣ ቀስ እያለ ይሞታል።"

ብዙ ቆዩ ጎንበስ እንዳሉ። ከዚያ ቀና ብለው ለሽማግሌዎቹ በጋሞኛ ነገሯቸው። ሕያው ነገር አንቀብርም፣ ነው ያሉት። ሣራቸውን ይዘው ተመለሱ። የቀረው ገላ ተቀበረ። ለቅሶው ግን አልተዘጋም፤ ሁሉም አፈር ካልገባ ለቅሶ አይዘጋም፣ ይሄም የነሱ ቤት ደንብ ነው። ሸማኔ የሆነ ዘመድ ለቅሶው እስኪዘጋ ወደ ሸማ ጉድጓዱ ወርዶ አይሠራም። አቶ ሕዝቅኤል ሸማኔ ናቸው። ልጆቻቸውም ሸማኔ ናቸው። የጋሼ ባለቤት ወይዘሮ ትሁት ጨንቻ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ቀሩ። ሰው ይመጣል፣ ያለቅሳል፣ ይሄዳል፣ ደሞ ሌላ ይመጣል። በገበያ ቀን አቶ ሕዝቅኤል ወደ ሲቀላ ይወርዱና ወንድማቸውን በማይክሮስኮፕ አይተው ይመለሳሉ። ሰውዬው እያየናቸው አለቁ።

ፕሮቲኑም እያለቀ ነበር። ወርቂቱ ጠዋት ጠዋት ትመጣለች፣ ሻሺቱ ከመደርደሪያው እያየች ትሰጣታለች። አዲስ ለማስመጣት የኃላፊ ፊርማ ያስፈልጋል። ኃላፊው ጋሼ ነበሩ፤ በቦታቸው የተሾመ የለም። መጋቢት ሲገባ ሻሺቱ እጇን መደርደሪያው ላይ ሰድዳ ገና ያልተበጠበጠች አንድ ብልቃጥ አወጣች።

"ይቺ ናት። ከዚህ በኋላ ዓሣ ነው ያለኝ።"

ወርቂቱ በሩ ላይ መሬት ቁጭ አለች። ገበያ ቀን ስለነበር አቶ ሕዝቅኤልም ከኋላዋ ደርሰው ነበር። የተባባሉትን ቃል በቃል እንጽፈዋለን፣ ወሬው የተበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ።

"ለሁለቱም ትከፋፍዪዋለሽ" አለች ሻሺቱ።

"ከተከፋፈለ ለሁለቱም አይበቃም። ሁለቱም ይሞታሉ።"

"በረዶ ቤት አስገቢያቸው፣ እኔ እጠብቃቸዋለሁ።"

"ሕያው ነገር ነው ሻሺቱ፣ ዓሣ አይደለም። እዚህ በረዶ ውስጥ ከገባ ይሰነጠቃል። የሚያቆየው ሌላ ዓይነት ብርድ ነው፣ እሱ የለንም።"

አቶ ሕዝቅኤል ጠየቁ። "ሌላኛው የማን ቆዳ ነው?"

"የጨንቻ ሰዎች። እግራቸው ያበጠ። እርስዎ የሚያውቋቸው ናቸው። ጋሼ ጥናቱን ሊጨርሱ ጥቂት ነበር የቀራቸው፣ ይሄ ቆዳ ካለፈ የለፉበት ሁሉ አብሮ ያልፋል።"

"እንደገና ይቆረጡ።"

"ከተቆረጡት ውስጥ የሞቱ አሉ። ያሉትም ሁለተኛ ቆዳችንን አንሰጥም ብለዋል። እግዜር ያሳያችሁ፣ ቁስል ላይ ቁስል ነው።"

ከዚያ ወርቂቱ አለቀሰች። "ለጋሼ ልስጥ" አለች። "በምርኩዝ ሲያነክሱ እያየሁ ምንም አላደረግሁም። አሁን ደሞ በገዛ እጄ ላስርባቸው ነው? አልችልም። ጥናቱ ይቅር።"

ይሄ ነው የሷ ቃል። ጥናቱ ይቅር ነው ያለችው። አስርባ ገደለች የምትሉ ሰዎች ይሄን ስሙ።

አቶ ሕዝቅኤል የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። "አንቺ አትወስኚም" አሏት። "ወንድሜ ነው። የምወስነው እኔ ነኝ።" ከኛ አንዱ ውሃ ሰጣቸው። "ከጥር ጀምሮ እጄ ክር አልነካም" አሉ። "ሚስቱ ማልቀስ ሁሉ ሰልችቷታል፣ እንባ የላትም። እዚህ ስመጣ አየዋለሁ፣ አንዱ ሁለት ሆኗል ትይኛለሽ፣ ደስ ይለኛል፣ ጨንቻ ስመለስ ደሞ አዲስ ለቀስተኛ ይጠብቀኛል። ሰው ሁሉ ደክሞታል። እሱም የደከመው ይመስለኛል። ሳህን ላይ ሆኖ ማን ያርፋል?"

"ታዲያ ምን ላድርግ አባቴ?"

"ለበሽተኞቹ ስጪው።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"አይደለሁም። ስጪው።"

ይሄን ሲሉ ሻሺቱ ነበረች፣ የጠዋት ተረኛ አባሎቻችን ሁሉ ነበሩ። መመስከር ካስፈለገ ፍርድ ቤትም ቤተ ክርስቲያንም እንቆማለን።

ወርቂቱ ብልቃጧን ለበሽተኞቹ ቆዳ ሰጠች። የጋሼንም አልጣለችም። ፕሮቲኑ ብቻ ነው የቀረባቸው፤ ሌላ ሌላውን ምግብ በየጊዜው ትቀይርላቸው ነበር፣ ሳህኑንም ከሙቀት ሳጥኑ አላወጣችም። መከፈሉን ተዉ። ከዚያ የቆዳው ጠርዝ ከሳህኑ መነሳት ጀመረ። ባለፈው ሳምንት አቶ ሕዝቅኤል መጥተው አዩ።

"አሁን አይከፈልም?"

"አይከፈልም።"

"እንሂድ" አሉ።

በማኅበሩ ፒክ አፕ ጨንቻ ወጣን። ሳህኗን ወርቂቱ በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ያዘቻት። ጭጋግ ነበር፣ ብርድ ነበር፤ እኛ የቆላ ሰዎች ብርድ የምንወደው በረዶ ቤት ውስጥ ብቻ ነው። አቶ ሕዝቅኤል ከመቃብሩ ራስጌ በኩል ራሳቸው ቆፈሩ። ወይዘሮ ትሁት ከወርቂቱ ተቀብለው አስገቡት። የአጥቢያው መዘምራን አንድ መዝሙር ዘመሩ፣ አጠር አድርገው። ጮኾ ያለቀሰ ሰው አልነበረም። አፈሩ ሲመለስ ወይዘሮ ትሁት ወርቂቱን እጇን ይዘው ቤት አስገቧት፣ አጠገባቸው አስቀመጧት፣ በገዛ እጃቸው አጎረሷት። ሲቀላ ላይ የምታወሩት እዚያ አልነበራችሁም። እኛ ነበርን።

በማግስቱ አቶ ሕዝቅኤል ወደ ሸማ ጉድጓዳቸው ወርደዋል።

የበሽተኞቹ ቆዳ ይሄ መግለጫ ሲጻፍ በሕይወት አለ። ወርቂቱ ከጠዋት እስከ ማታ ማይክሮስኮፑ ላይ ናት። ብልቃጧ ሳታልቅ የቀረውን ጥናት ለመጨረስ ነው ሩጫዋ። ትጨርሳለች ወይ ብላችሁ አትጠይቁን፣ አናውቅም። የሚመለከተው ክፍል ቶሎ ኃላፊ ቢሾም አዲስ ሳጥን ማስመጣት ይቻላል። ይሄን በአካል ሄደን ተናግረናል። ሰምተናል ተብለናል። የላይኛው መደርደሪያ ባዶ ነው፤ ዓሣ እንዳይደረግበት ጉባኤው ወስኗል።

ማኅበራችን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ትሁት፣ ለወንድማቸው ለአቶ ሕዝቅኤልና ለመላው የጉታ ቤተሰብ መጽናናትን ይመኛል። ለላቦራቶሪው ሠራተኞች፣ ቆዳቸውን ለሰጡት የጨንቻና የአካባቢው ሰዎች፣ በሕይወት ላሉትም ለሟቾቹ ቤተሰቦችም እግዚአብሔር ያጽናችሁ እንላለን። ሊጠይቀን የሚመጣ ካለ እንግዲህ ይቅርብን፣ ተመስግኗል። ከጥር ጀምሮ ለቅሶ ስንቀመጥ ከርመናል፣ ዓሣውም ይጠብቀናል።

ለሲቀላ ገበያ ደሞ ይሄን እንላለን። ጋሼ በርናባስን ሙሉውን ቀብረናቸዋል። ለቅሶው ተዘግቷል። ወርቂቱን ተዉአት።

ኩልፎ ዓሣ አቅራቢዎችና በረዶ ቤት ማኅበር